የቤታችን ዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ ቅየራ፦ የሥራ ማስታወሻ

ዓርብ ማታ

ማሽኑ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። ኮር አይ5-3470፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። በፈረንጅ አቆጣጠር የ2012 ሞዴል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ኮምፒውተር የሚሸጥበት ቤት ገብታችሁ ታውቁ ከሆነ ይሄን ጥቁር ኬዝ ሳታዩ አልወጣችሁም። የምትሠራበት ታላቅ እህቴ ናት፤ የሦስት አራት ሱቆች ሒሳብ ትይዝበታለች። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ተጭኖበታል፣ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ አለው፣ የቤተሰቡ ፎቶና የሠርግ ቪዲዮ በሙሉ እዚያው ነው ያለው።

ችግሩ ይሄ ነው፦ ተለኩሶ ሥራ እስኪጀምር አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ፒችትሪ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ አንድ ደረሰኝ ላስገባ ስትል ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይቀራል። "አርጅቷል፣ ሌላ እንግዛ" ትላለች። የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ "ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ" ብሏታል። እኛ አገር ኮምፒውተር ከታመመ መድኃኒቱ ፎርማት ነው፣ ሌላ ምርመራ የለም።

የትኛው ዕቃ ምን ያህል ሥራ እንደበዛበት የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። ፕሮሰሰሩ 8 ፐርሰንት ላይ ተዝናንቶ ተቀምጧል። ራሙ 70 ገደማ። ዲስኩ ግን 100 ላይ ተሰክቶ አይወርድም፤ የሚያነበውን ስታዩት በሰከንድ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ያረጀው ማሽኑ ሳይሆን ዲስኩ ነው ማለት ነው።

ለማያውቅ ሰው ላብራራው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ ከላዩ ደግሞ ወዲህ ወዲያ እያለ የሚያነብ ክንድ። አንድ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ክንዱ መስመሩን እስኪያገኝና የሚፈለገው ቦታ ዞሮ እስኪመጣለት በአማካይ 13 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይሄዳል። ስለዚህ የተበታተኑ ትንንሽ ነገሮችን አንብብ ሲባል በሰከንድ ሰባ ሰማንያ ጊዜ ነው የሚችለው፣ ከዚያ በላይ ወንድ ቢሆን አይችልም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ሲነሳ የሚጠይቀው በሺህ እየቆጠረ ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ ሠራተኛ ብቻውን ተቀምጦ መቶ ባለጉዳይ "ፋይሌን አምጣልኝ" ሲለው አስቡት። ኤስኤስዲ የሚባለው መረጃን በቺፕ ላይ የሚይዝ ዲስክ ግን፣ ሳታ በሚባለው የተለመደ ገመድ የሚሰካው ተራው እንኳ፣ የሚዞር ነገር ስለሌለው ይሄንኑ ሥራ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ይጨርሰዋል።

ይሄ እንግዲህ የጤነኛ ሃርድ ዲስክ ቀርፋፋነት ነው። የኛው ከዚያም አልፏል። የዲስክ ጤና የሚያሳየውን ክሪስታልዲስክኢንፎ ስከፍት ቢጫ ምልክት ሰጠኝ። ቁጥር 5 ላይ ያለው፣ ማለትም ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩት ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ የመረጃ ክፍሎች)፣ ዜሮ አይደለም። ቁጥር 197 ደግሞ 58 ይላል። እሱ ዲስኩ ማንበብ አቅቶት በይደር ያቆያቸው ሴክተሮች ቁጥር ነው። እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ ይሄ ፕሮግራም ራሳችሁ ካልቀየራችሁት በስተቀር ጥሬ ቁጥሩን የሚያሳየው በባለ 16 መሠረት ቆጠራ ነው። 58 ያለው በኛ ቆጠራ 88 ነው። 10 ሲል 16 ማለቱ ነው። ቁጥር 199 ዜሮ ስለሆነ ደግሞ የዳታ ገመዱን ከጥርጣሬ አወጣሁት፤ ገመድ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚጨምረው እሱ ነው።

እንዴት እዚህ ደረሰ ለሚል ሰው የሰፈራችንን መብራት ነው የማሳየው። ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ዘመናዊ ሃርድ ዲስክ ኃይል ሲቋረጥበት ሳህኑ ገና እየዞረ በሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ክንዱን ወደ ማረፊያው ይመልሳል፣ በዚህ በኩል ጎበዝ ነው። እየጻፈ ባለበት ቅጽበት ከተቋረጠ ግን ያቺ ሴክተር በግማሽ ተጽፋ ትቀራለች። መረጃዋና ማረጋገጫ ኮዷ አይገጥሙም፣ ሲመለስባት ማንበብ ያቅተዋል፣ በይደር ይይዛታል። የዕድሜውም ነገር አለ፤ ዲስኩ እስካሁን በሥራ ላይ የቆየበት ሰዓት ሠላሳ ሺህ አልፏል።

ውሳኔዬ፦ መጀመሪያ መገልበጥ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ። ፎርማት የለም። ዲፍራግ፣ ማለትም የተበታተነ ፋይል መሰብሰብ፣ የለም። ቼክዲስክም የለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቼክዲስክ የፋይል ሲስተሙን ሥርዓት ለማስያዝ እንጂ መረጃ ለማዳን አልተሠራም። ሊሞት የቀረበ ዲስክ ላይ ስታሄዱት ከዳር እስከ ዳር ሲያስነብበው ያድራል፣ ማንበብ ያቃተውንም ፋይል ቆርጦ ይጥለዋል። ዲስኩ የቀረችውን ጉልበት በቅጂው ላይ ቢጨርስ ይሻላል።

ማሽኑን ከመዝጋቴ በፊት አንድ ነገር ብቻ አደረግኩ። ከፒችትሪ ውስጥ የእያንዳንዱን ሱቅ ባክአፕ አውጥቼ ፍላሽ ላይ ጫንኩት። ትንሽ ፋይል ነው፣ ደቂቃዎች ነው የፈጀው። ሌላው ሁሉ ቢጠፋ እንኳ የሚያስለቅሰው እሱ ነው።

"አንተ ልጅ፣ ሒሳቤ ቢጠፋ እዚህ ቤት እንዳትመጣ" አለችኝ እህቴ።

"እታለም፣ ሒሳቡማ ኪሴ ውስጥ ነው" አልኳትና ፍላሹን አሳየኋት። አላመነችኝም።

ቅዳሜ ጠዋት

ግዢ። ባለሱቁ ከሁሉ አስቀድሞ ያወጣልኝ ባለ 480 ጊጋ ኤስኤስዲ ነው። "500ውን ለመተካት ይሄ ይበቃል፣ ያው ነው" አለኝ። ያው አይደለም። እንደ አዲስ ዊንዶውስ ለሚጭን ሰው ልዩነት የለውም፤ እኔ ግን የድሮውን ዲስክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዳለ መገልበጥ ነው የፈለግኩት። 500 ጊጋ የሚባለው ሃርድ ዲስክ 500,107,862,016 ባይት ነው። 480 የሚባለው 480,103,981,056 ነው። ሃያ ቢሊዮን ባይት የት ላድርገው? በእርግጥ የዲስኩን ክፍልፋይ (ፓርቲሽን) አስቀድሞ በማሳነስ ማስገባት ይቻላል። ግን ያ ማለት የታመመው ዲስክ ላይ ፋይል ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ነው፣ እኔ ደግሞ እሱ ላይ አንዲት ፊደል እንድትጻፍበት አልፈልግም። ባለ 512 ወሰድኩ፤ 512,110,190,592 ባይት። ጨመር አድርጌ ከፈልኩ፣ ራስ ምታቱ ቀረ።

ከሱቁ ሳልወጣ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። አቅሙን አየሁ፣ የሠራበትን ሰዓት አየሁ፤ ዜሮ ነው። ቤት ስገባ ደግሞ ኤፍ3 በሚባለው ፕሮግራም ሙሉ አቅሙን በመረጃ ሞልቼ መልሼ አስነበብኩት። ገበያው ውስጥ 64 ጊጋ ሆኖ ሳለ ራሱን ትልቅ አድርጎ የሚያወራ ዕቃ አለ፤ እስኪሞላ ድረስ ደህና ይመስላል፣ ከሞላ በኋላ የመጀመሪያውን እየደመሰሰ ይጽፋል። በተለይ 2 ቴራ ተብሎ በፍላሽ ዋጋ የሚሸጠውን አትንኩት።

አብሬ የገዛሁት አንድ የሳታ ዳታ ገመድ፣ ባለ 2.5 ኢንቹን ኤስኤስዲ በባለ 3.5 ኢንች ቦታ የሚያስቀምጥ ብራኬት፣ እና አንድ ሲአር2032 ባትሪ። ስለ ባትሪው እመለስበታለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት

ነቀልኩት። የኃይል ገመዱን ከነቀልኩ በኋላ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኜ ቆየሁ፣ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲያልቅ ነው። ከዚያ እጄን የኬዙ ብረት ላይ አሳረፍኩ። የናይለን ምንጣፍ ላይ ቆሞ ይሄን ሥራ መሥራት ጥሩ አይደለም፣ እኔ ሲሚንቶው ላይ ነው የተቀመጥኩት።

የዚህ ሞዴል ደስ የሚለው ነገር ካቻቢቴ ብዙም አይፈልግም። የጎኑን መያዣ ስትስቡት ክዳኑ ይወጣል። ሃርድ ዲስኩ ሰማያዊ ፕላስቲክ ውስጥ ተይዟል፣ ሁለቱን ጆሮዎች ጨምቆ መሳብ ነው።

አቧራው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል ግራጫ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፣ ደረቅ አይደለም፣ የወጥ ቤት ጭስና ቅባት ስለነካው ይጣበቃል። ብሎወር ብቻውን አላነሳውም። በቀለም ብሩሽ እየፈቀፈቅኩ፣ እየነፋሁ፣ እየፈቀፈቅኩ። ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፤ ነፋሱ ከልክ በላይ ሲያሽከረክረው ራሱን ጀኔሬተር ያደርግና ወደ ማዘርቦርዱ ኤሌክትሪክ ሊመልስ ይችላል፣ ቦርዱ ባይነካ እንኳ የፋኑ መዞሪያ ይጎዳል።

ባትሪውን ቀየርኩ። ይሄ ሳንቲም የሚያክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ሲሞት ማሽኑ ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱንና ቀኑን ይረሳል። ዲቫይደሩን ማታ ማታ የሚያጠፋ ቤት ውስጥ ጠዋት የሚጀመረው ከብዙ ዓመት በፊት ካለ ቀን ነው። ቀኑ ከተሳሳተ ደግሞ ብሮውዘሩ የድረ ገጾቹን የደኅንነት ሰርተፍኬት አላምንም ይላል፣ ሰውም "ኢንተርኔት እምቢ አለ" ብሎ ካርድ ይሞላል። እህቴ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ሞልታለች ብዬ እጠረጥራለሁ።

ኤስኤስዲውን ለጊዜው በሲዲ ማጫወቻው ገመድ ላይ ሰካሁት። ሲዲ ማን ያጫውታል። ዳታው ባለ 7 እግር፣ ኃይሉ ባለ 15 እግር ነው፤ ሁለቱም ጫፋቸው ላይ እንደ ላቲን ኤል የታጠፈች ጎድጓዳ ስላላቸው በግልባጭ አይገቡም፣ በጉልበት ካልሆነ።

ቅዳሜ ማታ

አነሣሡ ከዊንዶውስ አይደለም። ዊንዶውስ ሲነሳ ራሱ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ማሽኑን የሚያስነሳ ሌላ ሥርዓት ነው፤ ሲስተምረስኪው የሚባለውን ዓይነት ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭኜ፣ ኤፍ12 ተጭኜ ከፍላሹ አስነሳሁት። ለመገልበጥ የተጠቀምኩት ዲዲረስኪው የሚባለውን ነው። ክሎንዚላም ጥሩ ነው፣ ለጤነኛ ዲስክ እሱን ነው የምመርጠው፤ የተበላሸ ቦታ ሲያጋጥመው ግን በተለመደው አሠራሩ ይቆማል። ዲዲረስኪው አይጨቃጨቅም። ያልተነበበውን ዘሎ ደህና ደህናውን መጀመሪያ ይሰበስባል፣ የዘለለውን ደግሞ ካርታ ላይ ይጽፈዋል፣ በመጨረሻ ተመልሶ ይለምነዋል።

ትልቁ ጥንቃቄ ከየት ወደ የት የሚለው ነው። አቅጣጫውን ብታቀያይሩት ባዶው ዲስክ ሙሉው ላይ ይገለበጣል፣ አለቀ። ሊኑክስ የሚቆጥረው በ1,024 ስለሆነ የድሮው 465.8፣ አዲሱ 476.9 ሆነው ነው የሚታዩት። መጠኑን አየሁ፣ በዚያም አልረካሁም፣ የዲስኩ ላይ ወረቀት ላይ ካለው ሲሪያል ቁጥር ጋር አስተያየሁት። ከዚያ ነው ኤንተር የተጫንኩት።

የካርታ ፋይሉን ለብቻው ሌላ ፍላሽ ላይ እንዲጽፍ አደረግኩ። ከፍላሽ የተነሳ ሊኑክስ የሚኖረው ራም ላይ ነው፣ መብራት ሲሄድ ሁሉን ይረሳል።

የጎኑ ክዳን እንደተከፈተ የቤቱን ቬንቲሌተር ፊት ለፊቱ ደቀንኩለት። ዲስኩ 48 ዲግሪ ደርሶ ነበር፣ ወደ 39 ወረደ። የሞቀ ዲስክ ይበልጥ ይለግማል።

መጀመሪያ ላይ በሰከንድ መቶ ሜጋ ገደማ እየጋለበ ሄደ። ወደ መሃል ሲጠጋ ፍጥነቱ ዜሮ ሆነ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፣ ዘለለና ቀጠለ። ይሄ ያስፈራል ግን የሚጠበቅ ነው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ መብራት ሄደ።

ሰፈሩ ሁሉ "ኧረ!" አለ። እህቴ ከጨለማው ውስጥ "ሒሳቤስ?" አለች። ሻማ ስታመጣ እኔ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩ። ይሄን ልማድ አድርጉት፤ አደገኛው መሄዱ ብቻ አይደለም፣ ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚመጣው። ከተመለሰም በኋላ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪተው ጠብቄ ነው የሰካሁት።

ያንኑ ትእዛዝ፣ ያንኑ ካርታ ሰጠሁት። ዲዲረስኪው ካርታውን በየጥቂት ጊዜው ያስቀምጥ ስለነበር ካቆመበት አካባቢ ቀጠለ። ወደ ኋላ የተመለሰው ጥቂት ነው። ሌላ ፕሮግራም ቢሆን ከዜሮ፣ የታመመውን ዲስክ እንደገና ከሀ ጀምሮ ማስነበብ ነበር። በዚህች አገር ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም። ትቼው ተኛሁ።

እሑድ

ጠዋት ሳየው መጀመሪያውን ዙር ጨርሶ ፍርፋሪውን እየለቀመ ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ እንዲሞክር፣ ከዚያም ከኋላ ወደ ፊት እንዲያነብ አደረግኩት። አቅጣጫ መቀየር አንዳንዴ እምቢ ያለውን ያስነብባል። የመጨረሻው ውጤት፦ ያልተነበበ 32,768 ባይት። በ512 ስታካፍሉት 64 ሴክተር ነው። ከ500 ቢሊዮን ባይት ውስጥ።

ትንሽ ናት፣ ግን የት ነው ያረፈችው? ባዶ ቦታ ላይ ከሆነ ምንም፣ የእህቴ ሒሳብ ላይ ከሆነ ጉድ። ዲዲረስኪው ለዚህም መላ አለው። አዲሱ ቅጂ ላይ ያልተነበቡትን ቦታዎች ብቻ እናንተ በመረጣችሁት ቃል ይሞላላችኋል። ከዚያ ያንን ቃል በፋይሎቹ ውስጥ ማስፈለግ ነው። የተገኘባቸው ፋይሎች የተጎዱት ናቸው። የተገኘው፦ አንድ የሠርግ ቪዲዮ እና የዊንዶውስ አፕዴት ጥራጊ። ሌላው ባዶ ቦታ ላይ ነው። የፒችትሪ ፎልደር ንጹሕ ነው።

ቪዲዮውን ከፍቼ አየሁት፤ ኬክ ሲቆረስ ለአፍታ ምስሉ ይሰባበርና ይቀጥላል። የአጎታችን ልጅ ሠርግ ነው፣ ዋናው ቅጂ ቪዲዮ ያነሳው ሰው ጋ ይኖራል።

አሁን መግጠም። የድሮውን ሙሉ በሙሉ ነቅዬ አወጣሁት። ሁለቱም ተሰክተው ዊንዶውስን ማስነሳት አይገባም፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ስለሆነ መለያ ቁጥራቸው አንድ ነው፣ ዊንዶውስ ይደናገርና ወይ አንዱን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል ወይ ከተሳሳተው ይነሳል። ኤስኤስዲውን ብራኬቱ ላይ በአራት ብሎን አሰርኩት፣ በአዲሱ ገመድ ሳታ 0 ላይ ሰካሁት። ብራኬት ያላገኘ ሰው በባለሁለት ጎን ፕላስተር ኬዙ ላይ ቢለጥፈውም ይሆናል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም።

ባዮስ፣ ማለትም ማሽኑ ሲለኮስ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ማስተካከያ፣ ውስጥ አንድ ነገር አልነካሁም፦ የሳታ አሠራሩን፣ ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበትን ዘዴ። ሬድ ላይ ካገኛችሁት ሬድ፣ ኤኤችሲአይ ላይ ከሆነም እንደዚያው ተዉት። ሳይዘጋጁ የቀየሩት እንደሆነ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል፣ ሰውም ቅጂው የተበላሸ ይመስለዋል።

ተነሳ። ዴስክቶፑ እስኪመጣ ሃያ አምስት ሰከንድ ገደማ። ማዘርቦርዱ ያው ስለሆነ አክቲቬሽን አልጠየቀም፣ ፓወር ግዕዝም እንደ ነበረ ነው። ቼክዲስክን አሁን አሄድኩት፣ ቅጂው ላይ፣ በሙሉ ልብ። ዊንዶውስ ዲስኩን እስካሁን ሃርድ ዲስክ ብሎ ይጠራው ስለነበር ዊንሳት የሚባለውን ፍተሻ አስኬድኩና አወቀው። ይሄ ካልሆነ እንደ ድሮው ዲፍራግ ሊያደርገው ይሞክራል፣ ለኤስኤስዲ የሚጠቅመው ደግሞ ትሪም ነው፣ የተሰረዘው ቦታ ባዶ መሆኑን ለዲስኩ መንገር። ከአዲሱ ዲስክ መጨረሻ የተረፈው 12 ጊጋ የሚሆን ባዶ ቦታ ነበር፣ አልቀላቀልኩትም። ለራሱ ለኤስኤስዲው መተንፈሻ ይሁነው።

ሰኞ

እህቴ ፒችትሪን ከፈተች። የሁሉንም ሒሳቦች ሚዛን የሚያሳየውን ትራያል ባላንስ አውጥታ ባለፈው ወር ከታተመው ወረቀት ጋር እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች አመሳከረች። ከዚያ ዝም ብላ ደረሰኝ ማስገባት ጀመረች። ይሄ በሷ ቋንቋ ምስጋና ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ግን "ታዲያ ድሮውኑ እንዲህ አታደርገውም ነበር?" አለችኝ።

ስለ ዊንዶውሱ መባል ያለበት አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ነው። ለግለሰብ የተዘጋጀው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ ደግሞ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም ድረስ ያስኬዳል፣ ለሱ አስመዘገብኩት። ዊንዶውስ 11 ይሄን ፕሮሰሰር አይቀበልም፤ ከኢንቴል የሚፈልገው ከጥቂቶች በስተቀር 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ነው፣ የኛው 3ኛ ነው። አስገድዶ የመጫኛ ዘዴዎች አሉ፣ የሰው ሒሳብ ያለበት ማሽን ላይ አልሞክረውም።

በሚቀጥለው ሳምንት

የኤስኤስዲውን ጤና አየሁት፣ ደህና ነው። የድሮውን ዲስክ ናስትሮ ለጥፌበት "አይነካ" ብዬ ጽፌ ቁምሳጥን ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሁለተኛ ዲስክ አድርጌ እንድሰካው የጠየቀኝ ሰው አለ፣ ለፊልም ማስቀመጫ። አይሆንም። እየሞተ ያለ ዲስክ ማሽኑን ሁሉ ነው አብሮ የሚያንቀው። የወሩ ዲክላሬሽን ገብቶ እህቴ "ምንም አልጎደለም" እስክትል ድረስ ይቆያል፣ ከዚያ ይሰበራል።

ኤስኤስዲ መብራት ቢሄድ ምንም አይሆንም የሚሉ አሉ። ክንድ የለውም እንጂ ይጎዳል። ርካሾቹ ላይ ኃይል ሲቋረጥ የያዙትን ጽፈው የሚጨርሱበት ካፓሲተር የለም፣ አንዳንዱም ጭራሽ ሳይነሳ ይቀራል፣ እንደ ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ብሎ እንኳ አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ጥግ ላይ ለዓመታት የተወሸቀውን ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ከባትሪ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን፣ አወጣሁት። ሰርኪቱ ይሠራል፣ የሞተው ባለ 12 ቮልት ባትሪው ነው። ባትሪው ብቻ ይገዛል። የፒችትሪ ባክአፕም በየዓርቡ ፍላሽ ላይ እንዲገባ ከእህቴ ጋር ተስማምተናል፣ ፍላሹ የሚቀመጠው ግን ከኮምፒውተሩ አጠገብ አይደለም፣ እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው።

የቀረው ራሙ ነው። 4 ጊጋው ብሮውዘርና ፒችትሪ አብረው ሲከፈቱ ይሞላል፣ አሁን ኤስኤስዲው ስለሚሸፍንለት አይታወቅም እንጂ። ዲዲአር3፣ 1,600 የሆነ፣ ሁለት ባለ 4 ጊጋ እየፈለግኩ ነው። ያገኘሁት ርካሽ የሰርቨር ራም ነበር፣ ቅርጹ አንድ ዓይነት ነው ግን ሬጅስተርድ የሚባለው የሰርቨር ዓይነት ስለሆነ እዚህ ማሽን ላይ አይሠራም፤ ያገለገለ ስትገዙ ወረቀቱ ላይ 12800 (የዚያው የ1,600 ፍጥነት ሌላ አጻጻፍ) ከሚለው ቀጥሎ አር የሚል የላቲን ፊደል ካለ መልሱት።